የጋሽ ኤልያስ ባለጎማ ቤት

ጋሽ ኤልያስ የሞተ ቀን ጠዋት፣ ግማሹ ሰፈር ሰላም ብሎት አልፏል። እኔ ራሴ ሱቄን ልከፍት ስወጣ በአጥሩ ክፍተት አይቼው "እንዴት አደርክ ጋሽ ኤልያስ?" ብዬዋለሁ። አልመለሰልኝም። እሱ ደግሞ መቼ መልሶ ያውቃል? ጂንካ ውስጥ ሰውዬው ከፊቱ ይልቅ በእግሩ ነበር የሚታወቀው። ከዚያ መኪናው ሥር በጀርባው ተጋድሞ፣ ሁለት እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶ፣ አፉን ብሎን ሞልቶ ይውላል። ሰላም ሲሉት በአፍንጫው "እም" ይላል፤ አንዳንድ ቀን እሷንም ይተዋታል። ስለዚህ ያን ቀን ዝም ሲል ማንንም አልገረመም። ሚስቱ ታደለች ለቁርስ ልትጠራው ወጥታ የጫማውን ጫፍ በእግሯ ነካ ስታደርገው ነው እግሩ ወደ ጎን ዘንበል ያለው።

ልቡ ነው አሉ። አስከሬኑን ያጠቡት ሰዎች ከጥርሱ መሀል አንዲት ብሎን አውጥተው ለታደለች ሰጧት። እሷም የሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው። እኔን ያድርገኝ ግድ የለም። አጥር የምንጋራ ጎረቤቱ ነኝ፤ ሚስማሩን፣ ማጠፊያውን፣ ሙጫውንና ቀለሙን ሲገዛ የኖረውም ከእኔ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነው። ስለዚያ መኪና ጉድ ከእኔ በላይ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት፤ ከእሷ አፍ ደግሞ ክፉ ቃል አይወጣም። ወቀሳው ለእኔ ደረሰኝ ማለት ነው።

ጋሽ ኤልያስ ዕድሜውን በሙሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። መካኒክ መፍቻ ሲፈልግ እሱ ዘንድ ይመጣል፤ እሱ ያስፈርማል፣ ይሰጣል፣ ማታ ቆጥሮ ይረከባል። እንዲህ መፍቻ ሲሰጥና ሲቀበል ኖሮ ኖሮ በመጨረሻ ራሱ መካኒክ የሆነ መሰለው። ሳህን የሚያመላልስ አስተናጋጅ "ወጥ ሠሪ ነኝ" ቢል እኮ ይሳቅበታል። እሱን ግን ማንም ፊት ለፊት አልሳቀበትም። ረጅም ነበር፣ ኮቱን በሙቀትም አያወልቅም፣ ሲናገርም ረጋ ብሎ ነው። ሞኝነት ረጋ ብሎ ሲነገር ዕውቀት ይመስላል።

ጡረታ በወጣበት ዓመት ፈረንጅ ባልና ሚስት ከኬንያ በኦሞራቴ በኩል ገብተው፣ ቆላው ወይጦ ሲደርሱ መኪናቸው ቀጥ አለባቸው። ካምፐር የሚሉት ዓይነት ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ቫን፣ ውስጡ ግን ቤት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ቁም ሳጥን፣ ጣሪያው ላይ ወደ ላይ የሚከፈት መስኮት። ፈረንጆቹ ሙቀቱም ዝንቡም ሲያማርራቸው ሊጥሉት ደረሱ። ጋሽ ኤልያስ ይህን ሰምቶ የጡረታ ገንዘቡን ይዞ ወረደ። ወረቀቱን ሁሉ ጨርሶ መኪናውን በገመድ አይሱዙ ላይ አስሮ፣ በቀይ አፈር ከተማ በገበያ ቀን አሳልፎ፣ እያስጎተተ ጂንካ አስገባው። እሱ መሪ ጨብጦ ተቀምጧል። ተጎትቶ እየመጣ ግራና ቀኝ እጁን ለሰው የሚያውለበልብ ሰው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ታደለች በሩ ላይ ቆማ አየችው።

"ይሄ ምንድነው ኤልያስ?"

"ቤትሽ ነዋ።"

"ቤትማ አለኝ። ይሄዳል ወይ?"

"ይሄዳል እንጂ! ትንሽ ነው የቀረው። የመጀመሪያ ጉዟችን ሃና ነው። በገዛ አልጋሽ ተኝተሽ አስናቀች ደጃፍ ላይ ትነቂያለሽ።"

ታደለች ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አስናቀች ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ታደለችን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ነበረች። ኋላ ሥራ አግኝታ ሰላማጎ ወረዳ ሃና ገባች፤ እዚያው ቀረች። ወደ ሃና መኪና ብርቅ ነው። የተገኘው ቀን የጭነት ነው፣ ያልተገኘው ቀን ደግሞ ጭራሽ የለም። እህትማማቾቹ ከተያዩ ስንት ዓመታቸው ነበር። እንግዲህ ያቺ አሮጌ ቫን ለታደለች መኪናም ቤትም አልነበረችም፤ እህቷ ነበረች።

"ትንሽ ነው የቀረው" የምትለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ከዚያ ቀን እስከ ሞቱ ድረስ ከአፉ አልተለየችም። በአውራ ጣቱ የጣውላውን ጠርዝ ዳብሶ፣ በጣቱ አንጓ ግድግዳውን ኳ ኳ አድርጎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥና "ትንሽ ነው የቀረው" ይላል። ስንበሳጭበት ደግሞ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይለናል። የእሱ እንቁላል ግን በእግሩ ሳይሄድ ገማ።

ኤርሚያስ የሚባል ባለጋራዥ አለን። አፉ ትልቅ ነው፣ የሚጠይቀውም ዋጋ አፉን ያክላል፤ ሞተር ግን ያውቃል። መኪናው በገባ ማግስት መጥቶ ኮፈኑን ከፍቶ አየና፣ "ጋሽ ኤልያስ፣ ለእኔ ተወው። በሳምንቱ ሃና ታደርሳታለህ" አለው።

ጋሽ ኤልያስ ኮፈኑን ከኤርሚያስ እጅ ነጥቆ ዘጋው። "መፍቻ መያዝ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ" አለ፣ ረጋ ብሎ።

"ያስተማርከኝ አይደለም፣ ያስፈረምከኝ ነው!"

ከዚያ ወዲያ ኤርሚያስ እዚያ ግቢ አልተጠራም። ሐቁን ለመናገር ጋሽ ኤልያስ ሞተሩን በራሱ እጅ አስነሳው። እንዴት እንዳስነሳው ዛሬም አላውቅም፤ ስንት ጊዜ ፈቶ ስንት ጊዜ እንደገጠመው ያየሁት ግን እኔ ነኝ። ብቻ አንድ ቀን ጠዋት ጭሱ በአጥሩ በኩል ሱቄ ገባ፤ ታደለችም እልል አለች። መቼ ትሄዳላችሁ ብዬ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ጠየቅኩ።

"ሞተሩ ልክ ነው" አለኝ። "አሁን የቀረው ቤቱ ነው።"

እስቲ ፍረዱኝ፣ በዚህ አገር ቤቱ ተሟልቶ አልቆለት የገባ ማን አለ? ቆርቆሮው ከተመታ ይገባል። በሩ በኬሻ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ልጅ ይወለዳል፣ ልጅ ይዳራል። ልስኑ ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ጋሽ ኤልያስ ራሱ የሚኖርባት የጭቃ ቤት ጓዳዋ ያለ በር ነበረች። ባለጎማው ቤት ግን እንከን አይኑርበት አለ።

የፈረንጆቹን ቀላል ቁም ሳጥንና ቀላል አልጋ "ካርቶን ነው" ብሎ ነቅሎ ጣለው። በምትኩ የአሪ ሰዎች ከተራራው በትከሻቸው ያወረዱትን የዝግባ ጣውላ ገዛ። ጣውላው ገና እርጥብ ነው፤ ስታሸቱት ጫካ ይሸታል። የሸጠለት የአሪ ሰውዬ እንኳን አዘነለት።

"ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ገና አለ። ሁለት በጋ ይቁም፣ ከዚያ ትሠራለህ" አለው።

"ሚስማር ሲገባበት ይደርቃል" አለው ጋሽ ኤልያስ። ሰውዬው እኔን አየኝ፤ እኔ የጣሪያውን ቆርቆሮ አየሁ።

እንዲህ ብሎ ሠራው። ለዓይን ያምር ነበር፣ አልዋሽም። መሳቢያው፣ ተጣጥፎ የሚገባው ጠረጴዛ፣ ሲኒ እንዳይወድቅ የተሠራላት ክብ ቀዳዳ። ጣሪያው ላይ የውሃ በርሜል አስተኛ፣ አጠገቡ የፀሐይ መብራት ሰሌዳ ገጠመ። መኪናዋ በየወሩ ቤትነቷ እያማረ፣ መኪናነቷ እየከበደ ሄደ። አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ሲነዳት ከብቶቹ እንኳን ተረጋግተው ነበር መንገድ የሚለቁለት።

ታደለች በየጊዜው "ሃናስ?" ትላለች። እሱም አንድ ቀን "ሃና ከመሄዳችን በፊት በአስፋልት እፈትናታለሁ" ብሎ ታደለችን አሳፍሮ ወይጦ ወረደ። የራዲያተሩ ቱቦ ተቀዶ ስለነበር በአትክልት ማጠጫ ጎማ ተክቶት ኖሯል። የወይጦ ሙቀት ጎማውን እንደ ማስቲካ አለስልሶ አፈነዳው። ሌላ ሰው ቢሆን ለኤርሚያስ ይደውላል። እሱ ትክክለኛው ቱቦ ከአርባ ምንጭ በአውቶቡስ እንዲላክለት አዘዘ። የተላከው ጠበበው፤ ሌላ አዘዘ፤ ሰፋው። ታደለች ፀጉሯ በአቧራ ቀልቶ በሚኒባስ ብቻዋን ተመለሰች።

"እሱስ?" አልኳት።

"ቤቱን እየጠበቀ ነው።"

"ከማን?"

"እኔ እንጃ" አለች ቁጭ ብላ። "ከፍየል መሰለኝ።"

ነገሩ እውነት ነበር። ጂንካ ላይ ዝናብ እንደጠጣ የተገጠመው ጣውላ ወይጦ ላይ ሲቆም ደረቀ። ደርቆም ተኮማተረ። መሳቢያዎቹ ወለቁ፣ በጣውላዎቹ መሀል ጣት ማሳለፍ ተቻለ፣ በሩም ከመቃኑ ራቀና የጸማይ ሰዎች ፍየሎች አንገታቸውን እያስገቡ መጋረጃውን ማኘክ ጀመሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ አንድ ነገር ይማራል። ጋሽ ኤልያስ ግን እንጨቱን ሰደበ። እዚያው ወይጦ፣ እዚያው ፀሐይ ላይ፣ ስንጥቁን ሁሉ በቀጭን ጣውላ ሞላው፤ በሩንም ወረቀት እንኳን በማያስገባ ልክ አጥብቆ ገጠመው። ከዚያ ቱቦው ደረሰለትና ደረቱን ነፍቶ ወደ ጂንካ ወጣ።

ጂንካ ደግሞ ዝናቧ ነበር። ቀን በቀን ያ ሁሉ የደረቀ እንጨት ውሃ እየጠጣ ማበጥ ጀመረ። በሩ በትከሻ ካልተገፋ አልከፈት አለ። እሱ ይህን እንደ ጥራት ቆጠረው። ቅዳሜ፣ ከተማው በገበያ በሞላበት ቀን፣ ካምፐሯን ገበያው ዳር አቁሞ ሰው ሰበሰበ። "አያያዙን ስሙልኝ!" ብሎ ገባና በሩን በኃይል ዘጋው። እውነትም ተዘጋ። ተዘጋና ቀረ።

ከውስጥ ገፋ፤ ከውጭ ሳብን። እጀታው እጃችን ላይ ቀረ። ኤርሚያስ ይህን ዜና ማን እንዳደረሰለት እንጃ፣ ዲጂኖ ተሸክሞ ከተፍ አለ።

"ጋሽ ኤልያስ፣ ልስበረው?"

"በሬን እንዳትነካ!" አለ ድምፁ ከውስጥ። "ሦስት እጅ ቀለም የጠጣ በር ነው!"

"እሺ አንተስ?"

"እኔ ቤቴ ነኝ! ምን ቸገረኝ?"

ገበያተኛው ማሽላውንም ቅቤውንም ትቶ ከበበን። አንድ የበና ሽማግሌ ፊት ለፊት መጥተው፣ በእጃቸው ያለችውን ትንሽ የእንጨት በርኮታ መሬት ላይ አስቀምጠው ተቀመጡባት። የመንገድ ዕቃቸው በሙሉ እሷ ናት፤ ሲደክማቸው መቀመጫ፣ ሲተኙ ትራስ። ካምፐሯን ከጎማ እስከ በርሜል አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

"ይሄ ሰውዬ፣ ለምን ገባ?" አሉኝ።

በመጨረሻ በጣሪያው መስኮት ልውጣ አለ። ራሱ ወጣ፣ ኮቱ ወጣ፣ ሆዱ ጋ ሲደርስ ራሱ ያስተኛው በርሜል አላሳልፍ አለው። እግሩ ከውስጥ፣ ደረቱ ከጣሪያ በላይ ሆኖ ጂንካን በሙሉ ቁልቁል ያይ ነበር። ታደለች አጠገቤ ቆማ ጥላዋን ዝቅ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች። ጎትተው ሲያወርዱት ሽማግሌው በርኮታቸውን አንስተው ቀረቡትና በሙሉ አክብሮት "ወይጦ ትሄዳለህ?" አሉት።

"ትንሽ ነው የቀረው" አላቸው።

ከዚያ በኋላ ሰፈራችን አንድ አባባል አገኘ፦ "ወይጦ የለኩትን በር ጂንካ አይዝጉት።" ከሩቅ ዕቅድ ይዞ የሚመጣ ሹም ስብሰባ ላይ ሲያብራራ ከኋላ አንዱ ይቺን ጣል ያደርጋል፤ የሰማ ይስቃል። ጋሽ ኤልያስ ብቻ አልሳቀም፣ አልተማረምም። በሩን ጂንካ ላይ ላገው፤ ቆላ ሲወርድ ላላ። አጠበቀው፤ ሲመለስ ነከሰ። ብልህ ሰው በአንድ ሙከራ የሚያውቀውን እሱ ዕድሜ ፈጀበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለእሱ ነው።

ይህ ሁሉ አስቃለሁ ብዬ የማወራው ነው። የሚቀጥለው አያስቅም።

ከሃና የመጣ ሾፌር ለታደለች መልእክት አመጣላት። የአስናቀች ዓይን እየደከመ ነው። ሐኪም የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሏታል። ታደለች ሱቄ መጥታ የሚስማሩ ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

"አልማዝ፣ እኔ እሷን ማየቱ ይቆይ ግድ የለም" አለችኝ። "እሷ እኔን ትየኝ።"

ሲሚንቶ ለሃና የሚጭን አንድ አይሱዙ ነበር፤ ሾፌሩ ደንበኛዬ ነው። ጋቢና ውስጥ ቦታ ያዝኩላት። ጠዋት ጓዟን ቋጥራ፣ ለእህቷ የገዛችውን ነጠላ ደረቷ ላይ አቅፋ ከግቢው ወጣች። ሾፌሩ ጓዟን ተቀብሎ ሊጭን ሲል ጋሽ ኤልያስ ከመኪናው ሥር ተንፏቆ ወጣ። እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። ጓዙን ከሾፌሩ እጅ ወሰደው።

"ሚስቴ ሲሚንቶ ላይ ተጭና አትሄድም።"

"ጋቢና ነው ጋሼ" አለው ሾፌሩ።

"ጋቢናም ቢሆን። መኪና ያለው ሰው ሚስት ናት። ታዱ፣ እስከ መስቀል ብቻ ታገሺኝ። ትንሽ ነው የቀረው።"

"ምን ነካህ አንተ ሰው!" ብዬ ጮህኩበት። "ሞተሩ ይነሳል፣ ጎማው ይዞራል፣ ምንድነው የቀረህ?"

እኔን አላየኝም። እሷን ነበር የሚያየው፤ ግምጃ ቤቱ ጎድሎበት እንደተያዘ ሰው። ታደለች ቆማ ብዙ አየችው።

"ኤልያስ" አለችው፣ "አንተ ቤትህን ስትጨርስ እሷ ዓይኗን ትጨርሳለች።"

ይህን ብላ ግን መኪናው ላይ አልወጣችም። አይሱዙው አቧራውን አልብሶን ሄደ። ለምን እንዳልሄደች በማግስቱ በቁጣ ስጠይቃት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እኔ ከሄድኩ ለማን ይሠራዋል?" አለችኝ። ያን ቀን ሁለቱንም ጠላኋቸው።

መስቀል አለፈ። ገና አለፈ። በፋሲካ ሰሞን ታደለች ስልኳን ይዛ መጣች። አላለቀሰችም።

"አሁን ጭራሽ ጨለመብኝ አለችኝ" አለች። "ድምፄን ሰምታ፣ 'አንቺ ልጅ ወፍረሻል ወይስ እንደከሳሽ ነሽ?' ብላ ጠየቀችኝ።"

በዚያው ሰሞን ጋሽ ኤልያስ ሱቄ ገብቶ ወፍራም ገመድና የገመድ መያዣ ቀለበቶች ገዛ።

"ቤትህ እንዳይጠፋብህ ልታስረው ነው?" አልኩት። ሒሳቡን ቆጥሮ ከፍሎኝ ወጣ። በሌላ ቀን ብዙ የብርጭቆ ወረቀት ገዝቶ የጠረጴዛውን፣ የአልጋውን፣ የቁም ሳጥኑን ማዕዘን ሁሉ ፍቆ አዶለዶመው። ከፈረንጆቹ የተረፈችውን አንዲት ጥሩ መስተዋት ነቅሎ ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠው። ፊቱን የማያይበት ቤት መሥራቱ ተገቢ ነው፣ ምን ፊት አለው ብዬ ለደንበኞቼ አወራሁ። ከዚያ ደግሞ የብረት መወጣጫ ደረጃ መሥራት ጀመረ፤ ዝቅ ያለ፣ የሕፃን እግር የሚደርስበት። እነሱ ልጅ የላቸውም። እንግዲህ ጭራሽ ለየለት አልኩ። ከዚያ ወዲያ ከእሱ ጋር የቀረኝ የጠዋት ሰላምታ ብቻ ነበር፤ እሱም ለእግሩ።

ሞተ። ቀብሩ ላይ ወንጌላዊው "ወንድማችን ዛሬ ያለቀለት ቤት ገባ" ሲል ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። ታደለች ዞራ አላየችም። የለቅሶው ድንኳን በተነሳ ማግስት ሱቄ መጣች።

"ሃና ልሄድ ነው።"

"ጎሽ! አይሱዙ እፈልግልሻለሁ።"

"አልፈልግም" አለች። "በቤቴ ነው የምሄደው።"

ኤርሚያስን ጠራነው። አፉን ዘግቶ መጣ፤ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ከሥሯ ገብቶ አየና፣ መኪናዋ ደህና መሆኗን፣ አዲሱ የብረት ደረጃ ብቻ አንድ ብሎን እንደጎደለው ነገረን። ከሱቄ ላምጣ ስል ታደለች "ተዉት" አለች። በሩ እንደለመደው ነከሰ፤ ኤርሚያስ በትከሻው ከፈተውና መሪውን ያዘ። እኔም ሱቄን ዘግቼ አብሬ ወጣሁ፤ ያ ጉድ ሲሄድ ማየት ነበረብኝ። ሄደ። የማጎ ፓርክን ቁልቁለት እየተንገጫገጨ ወረደ፣ የቆላው ዝንብ መስኮቱ ላይ እየተለጠፈ፣ ሜዳውን አቋርጦ ዳገቱን ወጣ። ጠዋት ተነስተን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሃና ገባን። ያ ሁሉ ዓመት የተዘጋጁበት መንገድ ይኸው ነው።

አስናቀች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀጭን፣ ነጭ ፀጉር፣ ዓይኗ ክፍት ሆኖ የማያይ። ታደለች ሮጣ አቀፈቻት። ተላቀሱ። አስናቀች የእህቷን ፊት በሁለት መዳፏ ይዛ ከግንባር እስከ አገጭ ዳበሰች።

"ወፍረሻል" አለች፤ ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ ያ ሁሉ ዓመት በስልክ ሲወራላት የኖረውን ቤት አሳዩኝ አለች። ያ ያልታሰረ ደረጃ እንዳይጥላት ኤርሚያስ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው። እግሯን ስታነሳ ደረጃው እዚያው ጠበቃት። ልደግፋት እጄን ስሰድ አላስፈለገኝም። እጇ ከበሩ መቃን ላይ ገመዱን አገኘ። ገመዱን ይዛ ገባች። በወገቧ ልክ ነበር የተዘረጋው፤ ከበሩ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ውሃው፣ ከውሃው ወደ አልጋው። እየዳበሰች ሄደች፤ የትም አልተደናቀፈችም፤ የጠረጴዛው ማዕዘን ነካትና አልወጋትም። አልጋው ላይ ተቀመጠች። ግድግዳውን ዞራ በመዳፏ ዳበሰችው።

"እዚህ ቤት ዓይነ ስውር ይኖር ነበር እንዴ?" አለች።

መስተዋቱን ለምን እንደነቀለው፣ ደረጃው ለማን እግር እንደሆነ፣ ገመዱ ምን እንደሚያስር ያኔ ገባኝ። ሐሳቡ አስናቀችን ሃና ሄዶ ለማየት ብቻ አልነበረም፤ ወደ ጂንካ ይዟት ሊመለስ ነበር። አንድም ቀን ለማንም አልተናገረም፤ አፉ ብሎን ነበረበታ!

ይህን ሳይ ንዴቴ የበረደ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ባሰብኝ። ለታወረች ሴት ይህን ሁሉ የሚያስብ ጭንቅላት፣ ሳትታወር የአንድ ቀን መንገድ መንዳት እንዴት ያቅተዋል? ዓይን ለነበራት ሴት ገመድም፣ የዶለዶመ ማዕዘንም አያስፈልጋትም ነበር፤ ነዳጅና መቀመጫ ይበቃት ነበር። በሩን እንደለካው ነው ይህንንም የለካው፤ ሁልጊዜ ላለፈው አየር። እዚያ በር ላይ ቆሜ ረገምኩት፣ ከዚያም በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ። ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሊረሳኝ ያልቻለው እንዲህ ያናደደኝ ሰው ነው።

አስናቀች አልጋው ላይ እንደተቀመጠች ፊቷን ወደ ታደለች ድምፅ አዞረች።

"ታዲያ ቤቱ አለቀ?" አለች።

ታደለች ዙሪያውን አየች። መሳቢያውን፣ የሲኒዋን ቀዳዳ፣ ገመዱን፣ ከዚያም በበሩ በኩል ከታች ደረጃውን በሁለት እጁ እንደያዘ የተንበረከከውን ኤርሚያስን።

"ትንሽ ነው የቀረው" አለች፣ ረጋ ብላ።

የሻሿን ጫፍ ፈታች፤ ብሎኗን አውጥታ ለኤርሚያስ ሰጠችው። ኤርሚያስም በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ አሰራት።